የደም ማቅጠኛ መድኃኒትና የልኩ ታሪክ

እህል ሊሸምት ወደ ገበያ የወጣ ሰው የሚመረምረው እህሉን ብቻ አይደለም፤ መስፈሪያውንም ይመረምራል። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ያነሰ እንደ ሆነ፥ ረክሶ አገኘሁት ያለው ሸማች ከቤቱ ሲደርስ ጐድሎ ያገኘዋል። በእህል የደረሰው ጕድለት በሚመጣው ገበያ ሊተካ ይችላል። የሚሰፈረው ነገር የሰው ደም በሆነ ጊዜ ግን የመስፈሪያው ስሕተት ነፍስ ያስከፍላል።

ዛሬ ታሪኩን የምንተርክላችሁ መድኃኒት በሕዝብ ዘንድ የደም ማቅጠኛ ተብሎ የሚጠራው ነው። ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ መድኃኒቱ ደምን እንደ ውኃ አያቀጥነውም፤ ሥራው ደም ቶሎ እንዳይረጋ ማዘግየት ነው። የልባቸው ትርታ ሥርዓቱን የሳተባቸው ሰዎች ይህን ክኒን ዕለት ዕለት ይውጣሉ። ክኒኑን በእጃቸው ይዘው በሁለት ፍርሃት መካከል የሚቆሙም አያሌ ናቸው፤ ይኸውም «ብተወው ደሜ ረግቶ ሽባ ያደርገኛል፤ ብወስደው ደሜ ሳይቆም ይፈሳል» የሚል ነው። ሁለቱም ፍርሃት መሠረት አለው። ነገር ግን የመቶ ዓመት ያህል ታሪክ የሚያስተምረን፥ በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል መንገድ መኖሩንና ያም መንገድ በልክ የተሠራ መሆኑን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንናገር። ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የላይኞቹ ደምን ተቀብለው ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ደግሞ ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይገፋሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መኰማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከዚህም የተነሣ ትርታው አንድ ጊዜ ፈጥኖ አንድ ጊዜ ዘግይቶ ሥርዓት ያጣል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የሆላንዱ ሊቅ ቪለም አይንትሆቨን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚጽፈው መሣሪያው የዚህን ሕመም ምልክት በ1906 በጽሑፍ አሳተመ፤ በ1909ም የለንደኑ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ የምልክቱን ትርጕም አስረዳ።

ሕመሙ የሚያስፈራው ስለ ትርታው ብቻ አይደለም። የሚፈስ ውኃ ደለሉን ይዞ ይሄዳል፤ ያቈረ ውኃ ግን ደለሉን ያስቀምጣል። እንደዚሁም ልብ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ፥ በግራው የላይኛ ክፍል ጐን ባለችው ትንሽ ኪስ ውስጥ ደም ያቍራል፤ ያቈረውም ደም ይረጋል። ከረጋው ደም ጥቂቱ ተገንጥሎ ወደ አንጎል የሄደ እንደ ሆነ የደም ሥሩን ይዘጋዋል፤ ሰውየውም አንድ ወገኑ ይሰንፍበታል፥ አንደበቱ ይታሰራል፥ ወይም ይሞታል። ስትሮክ የሚባለው ይህ ነው። በአሜሪካ አገር በፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ክትትል በ1978 ባወጣው ጽሑፍ፥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ከሌለበት ሰው ይልቅ ከ5 እጥፍ በሚበልጥ ለስትሮክ የተጋለጠ መሆኑን፥ በሩማቲክ ሕመም የልቡ ቫልቭ በተጐዳ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እስከ 17 እጥፍ የሚደርስ መሆኑን አስታወቀ።

ይህን የደም መርጋት የሚከለክለው ክኒን የተገኘው ግን ከሰው ሐኪም ቤት አልነበረም፤ ከከብት በረት ነበር እንጂ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ከብቶች እየደሙ ያልቁ ጀመር። ቀንዱ የተቈረጠ ወይፈን፥ የተኰላሸ ኰርማ፥ ደሙ ሳይቆም ይሞታል፤ አንዳንዱም ቍስል ሳይታይበት በውስጡ ደምቶ ይገኛል። በኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የነበረው ፍራንክ ስኮፊልድ ነገሩን ሲመረምር፥ የታመሙት ከብቶች ሁሉ ስዊት ክሎቨር የሚባለውንና ከማገጥ ወገን የሆነውን መኖ በልተው አገኛቸው። ስኮፊልድም ከአንዱ ክምር ደኅናውንና የሻገተውን አገዳ ለይቶ ለጥንቸሎች አበላ፤ ደኅናውን የበላው ጥንቸል በሕይወት ሲኖር የሻገተውን የበላው ደምቶ ሞተ። ጥፋቱ ከተክሉ ሳይሆን ከሻጋታው መሆኑ በዚህ ተገለጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሰሜን ዳኮታ ግዛት ሊ ሮደሪክ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፥ በታመሙት ከብቶች ደም ውስጥ ፕሮትሮምቢን የሚባለው፥ ደምን ለማርጋት የሚያስፈልገው ነገር መጕደሉን ደረሰበት።

በየካቲት ወር 1933፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1925 ዓመተ ምሕረት፥ በዊስኮንሲን ግዛት ኤድ ካርልሰን የሚባል ገበሬ ከብቶቹ አለቁበት። እርሱም የሞተች ጊደሩን፥ ያልረጋ ደም የሞላበት የወተት ዕቃና 45 ኪሎ ያህል የተበላሸ ድርቆሽ በመኪና ጭኖ፥ በበረዶ ውሽንፍር 300 ኪሎሜትር ያህል ተጕዞ ማዲሰን ከተማ ደረሰ። ቀኑ ቅዳሜ ስለ ነበረ የሚፈልገውን የእንስሳት ሐኪም መሥሪያ ቤት ተዘግቶ አገኘው። በሩ ክፍት ሆኖ ያገኘው ቤት በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር የነበረው የካርል ፖል ሊንክ የምርመራ ክፍል ነበረ። ሊንክ ለዚያን ቀን የሚሆን መድኃኒት አልነበረውም፤ መኖውን እንዲተውና የታመሙትንም ደም በመስጠት እንዲረዳ ከመምከር በቀር ሌላ ሊያደርግለት አልቻለም። ነገር ግን ያልረጋው ደም ከፊቱ ተቀምጦ ስለ ነበረ፥ ከረዳቶቹ ጋር ምርመራውን ጀመረ። ስድስት ዓመት ከተደከመ በኋላ በ1939 ሃሮልድ ካምቤል የተባለው ረዳቱ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣው። ስሙም ዳይኩማሮል ተባለ። መኖው ሲደርቅ ደስ የሚል ሽታ የሚሰጠው ኩማሪን የተባለ ነገር በሻጋታ ሲለወጥ የሚገኘው ይኸው መርዝ ነበረ። በ1941 የአሜሪካ ሐኪሞች ለሰው መድኃኒትነት ይሞክሩት ጀመር።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ መርዝ ወደ መድኃኒትነት የሚለወጠው ሁለት ነገሮች በተገኙለት ጊዜ ነው። አንዱ ማርከሻው ነው፤ ሁለተኛው መለኪያው ነው። በዚያው ዘመን ሁለቱም ተገኙ።

ማርከሻውን ያገኘው በኮፐንሃገን የነበረው ሄንሪክ ዳም ነው። ዳም ቅባት የሌለበት ቀለብ የሚበሉ ጫጩቶች የሚደሙ መሆናቸውን በ1929 ጽፎ ነበር፤ በ1935ም የጐደላቸውን ነገር ቪታሚን ኬ ብሎ ሰየመው። ለዚህም ሥራ ከአሜሪካዊው ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ጕበት ደምን የሚያረጉትን አንዳንድ ነገሮች ሲሠራ ቪታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዳይኩማሮል ደግሞ የቪታሚኑን ሥራ ያግዳል። ስለዚህ ክኒኑ የበዛበትን ሰው ቪታሚኑን በመስጠት መርዳት ተቻለ።

መለኪያውን በ1935 ያወጣው በአሜሪካ የሚልዎኪ ከተማ ሐኪም አርማንድ ክዊክ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከሰውየው ክንድ የተቀዳው ደም እንዳይረጋ በሲትሬት ይያዛል፤ ቀዩ ክፍል ወደ ታች ሲዘቅጥ ቢጫው ፈሳሽ ይወሰዳል፤ በዚህም ላይ ካልሲየምና ከእንስሳ አንጎል የተዘጋጀ የሚያረጋ ቅመም ይጨመርበታል፤ እስኪረጋም ድረስ ጊዜው በሰኮንድ ይቈጠራል። የጤነኛ ሰው 12 ሰኮንድ ያህል ይወስዳል። መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ደም ከዚህ ይዘገያል፤ ሐኪሙም የዘገየበትን መጠን አይቶ ክኒኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሊንክ ምርመራውን ቀጥሎ ከዳይኩማሮል የበረታ ሌላ ንጥረ ነገር ሠራ። የምርምሩን ወጪ ከቻለው የዊስኮንሲን ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደሎች ተወስዶ ዋርፋሪን ተባለ። ዋርፋሪን በ1948 ለገበያ የቀረበው ግን የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው። ሐኪሞች ለሰው ለመስጠት ፈሩ። በ1951 አንድ የአሜሪካ ምልምል ወታደር ራሱን ለማጥፋት አስቦ ይህን የአይጥ መርዝ ደጋግሞ ከወሰደ በኋላ፥ በቪታሚን ኬ ታክሞ ፈጽሞ ዳነ። በዚህ ምክንያት ፍርሃቱ ቀለለ፤ በ1954ም ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በመስከረም 1955 ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ይኸው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ በዓለም ታወቀ።

አሁን የቁናው ነገር ይመጣል። የክዊክ መለኪያ በሐሳቡ የቀና ቢሆንም፥ የሚያረጋው ቅመም በየአገሩ ልዩ ልዩ ነበረ። በእንግሊዝ አገር ከሰው አንጎል የተዘጋጀውን፥ በአሜሪካ ደግሞ ከጥንቸል የተዘጋጀውን ይጠቀሙ ነበር። የጥንቸሉ ቅመም የመድኃኒቱን ሥራ አሳንሶ የሚያሳይ ነበረ። ስለዚህ የአሜሪካው ሐኪም በመጽሐፍ የታዘዘውን ቍጥር ለማግኘት ሲል ክኒኑን ይጨምራል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ቍጥር ከእንግሊዙ ጋር አንድ ሲሆን በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን ይበልጣል። ሐኪሙ ሕግ አልተላለፈም፤ ሕመምተኛውም ትእዛዝ አላፈረሰም፤ ነገር ግን ደም ይፈስ ነበር።

ይህ ጥፋት ምን ያህል እንደ ነበረ በ1982 በካናዳ የታተመ ጥናት ገለጠው። በእግራቸው የደም ሥር ውስጥ ደም የረጋባቸው 96 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፥ እኵሌቶቹ በተለመደው የሰሜን አሜሪካ ልክ፥ እኵሌቶቹ በእንግሊዙ መለኪያ ተመርተው በትንሹ ልክ ታከሙ። የረጋ ደም መመለሱ በሁለቱም ወገን እኩል ትንሽ ሆነ። የደም መፍሰስ ግን በተለመደው ልክ ከታከሙት 49 ሰዎች በ11 ላይ ሲደርስ፥ በትንሹ ልክ ከታከሙት 47 ሰዎች በ2 ብቻ ላይ ደረሰ። ከዚህ እንደሚታየው የተጨመረው ክኒን ያመጣው ጥቅም አልነበረም።

የማንችስተሩ ሐኪም ሊዮን ፖለር ለመለኪያው አንድነት ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1983 አንድ የጋራ ስሌት ተቀበለ። የእያንዳንዱ ቅመም ጠባይ ከአንድ ናሙና ጋር እየተመዛዘነ ቍጥር ይሰጠዋል፤ በዚያም ቍጥር የሚሰላው ውጤት አይ ኤን አር ይባላል። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 ያህል ነው። የልባቸው ትርታ ሥርዓት ለጐደለው ሕመምተኞች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ከ2 ሲያንስ ስትሮክ ይቀርባል፤ ከ4 ሲያልፍ በአንጎል ውስጥ የመድማት አደጋ እጅግ ይጨምራል። በአዲስ አበባ የተጻፈውን 2.5 በማንችስተር ያለ ሐኪም የሚረዳው ከዚህ የተነሣ ነው።

መለኪያው ከቀና በኋላ መድኃኒቱ ለልብ ትርታ ሕመምተኞች በሚገባ ተፈተነ። በ1989 በኮፐንሃገን 1,007 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ታተመ፤ ሌሎችም አከታትለው ወጡ። ጥናቶቹ ተደምረው ሲታዩ ዋርፋሪን ከ100 ስትሮኮች 64 ያህሉን የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ጥቅም እያለው ግን ለብዙ ሰዎች ሳይሰጥ ቀረ። ለምን ቢባል፥ መድኃኒት ሰጥቶ ያደማ ሐኪም ጥፋቱን በራሱ እጅ የተሠራ አድርጎ ያየዋል፤ መድኃኒት ሳይሰጥ ቀርቶ ስትሮክ የመታው ሰው ግን የዕድሉ ነገር ተብሎ ይታለፋል። በ2006 ከካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት የታተመ ጥናት ይህን በቍጥር አሳየ፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሕመምተኛው የደማበት ሐኪም ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሕመምተኞች ማዘዙን ሲቀንስ፥ ሳይወስድ የቀረ ሕመምተኛው በስትሮክ የተመታበት ሐኪም ግን ማዘዙን አልጨመረም።

በሌላ በኩል አንዱን ሰው የሚያድነው ክኒን ሌላውን ማድማቱ እውነት ነው። በ2004 ቪታሚን ኬን በሰውነት ውስጥ የሚያድሰው ጂን ተለይቶ ታወቀ፤ ይህ ጂን ከሰው ሰው ልዩነት ስላለው፥ ለአንዱ ግማሽ ክኒን የሚበቃው ለሌላው ሁለት ሊያስፈልገው ይችላል። ምግብም ድርሻ አለው። ጐመን ቪታሚን ኬ የሞላበት ስለ ሆነ፥ በአንድ ሳምንት አብዝቶ በልቶ በሌላው ፈጽሞ የተወው ሰው ልኩ ይናወጥበታል። ጐመን ክልክል ነው ማለታችን አይደለም፤ አበላሉ የተካከለ ይሁን ማለታችን ነው።

ከዚህ በኋላ ጕበትን ሳይጠብቁ ደም የሚያረጉትን ነገሮች በቀጥታ የሚያግዱ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ። ዳቢጋትራን በ2009፥ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን በ2011 ትልልቅ ጥናቶቻቸው ታተሙ። በአንጎል ውስጥ መድማትን ከዋርፋሪን ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ግማሽ ያህል የሚቀንሱ ሆነው ተገኙ፤ በየጊዜው አይ ኤን አር መለካትም አላስፈለጋቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አገባቸው።

መለኪያው ቀርቷል የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። ከዳቢጋትራን ከ100 እጅ 80 ያህሉ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማችበታል። ስለዚህ የሚለካው ነገር ተለወጠ እንጂ መለካቱ አልቀረም። ፊተኛው ጥያቄ «መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ምን ያህል ሠራ?» የሚል ነበር፤ አዲሱ ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ያህል ለመድማት የቀረበ ነው?» የሚል ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ በ2010 ከአውሮፓ ሐኪሞች አንድ ቀላል የነጥብ አቈጣጠር ወጣ፤ ስሙም ሃዝ ብሌድ ይባላል። ከፍ ያለ የደም ግፊት፥ የኩላሊት ወይም የጕበት ሕመም፥ ያለፈ ስትሮክ፥ ያለፈ መድማት፥ የሚናወጥ አይ ኤን አር፥ ከ65 ዓመት ያለፈ ዕድሜ፥ እንደ አስፒሪን ያለ መድኃኒትና መጠጥ ማብዛት እየተቈጠሩ ይደመራሉ። በ2016ም በስዊድን የኡፕሳላ ሊቃውንት የመሩት ሥራ ከዚህ አልፎ ምልክቱን ከደሙ ራሱ ፈለገ። 14,537 ሕመምተኞች መድኃኒቱን ሲጀምሩ የሰጡት ደም ተመርምሮ በኋላ ከደማው ሰው ጋር ተመሳከረ፤ ግኝቱም በሌላ ጥናት በነበሩ 8,468 ሰዎች ላይ እንደገና ተፈተነ። ዕድሜንና ያለፈን መድማት ከሦስት የደም ምልክቶች ጋር አንድ ላይ መመልከት፥ ከፊተኛው ነጥብ ይልቅ የሚደማውን ሰው ለይቶ ያሳያል ተባለ።

ሦስቱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ሄሞግሎቢን፥ የደም ቅላት የሆነው ነው። ዝቅ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ ሰውየው ሳያውቀው በሆዱ ውስጥ ጥቂት በጥቂት የሚደማ ሊሆን ይችላል፤ ቢደማም የሚተርፈው ስንቅ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ትሮፖኒን የሚባለው ነው። ይህ የልብ ጡንቻ ክፍል ስለ ሆነ፥ ልብ ሲጐዳ ወይም ሲጨነቅ ወደ ደም ይገባል። ሦስተኛው ጂ ዲ ኤፍ 15 ይባላል፤ ሴሎች ሲጨነቁና ሲያረጁ የሚበዛ ፕሮቲን ነው። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒንም በአንዳንዱ አቈጣጠር ይገባል።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች ትሮፖኒንና ጂ ዲ ኤፍ 15 የሚያመለክቱት መድማትን ብቻ አይደለም፤ ከፍ ብለው የተገኙበት ሰው ለሞትም የቀረበ ነው፤ ትሮፖኒን ከፍ ያለበትም ለስትሮክ የተጋለጠ ነው። ሰውነቱ የደከመ ሰው በሁለቱም ወገን የደከመ ነውና። እንግዲህ «የመድማት ምልክት አለብህ» ተብሎ መድኃኒቱ ቢከለከል፥ ከሁሉ ይበልጥ መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ሰው የተከለከለ ይሆናል። በስዊድን አገር በብዙ ሆስፒታሎች በምልክቶቹ ድምር ተመርቶ ሕክምናን መምረጥ ከተለመደው አሠራር ይሻል እንደ ሆነ ተፈትኖ ነበር፤ በ2024 ውጤቱ ሲገለጥ ስትሮክንም ሞትንም የቀነሰ ሆኖ አልተገኘም። መለኪያ ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። ምልክቱ ሲታይ የሚገባው ሥራ መድኃኒቱን መንጠቅ ሳይሆን ሊስተካከል የሚችለውን ማስተካከል ነው፤ ይኸውም የደም ግፊቱን ማውረድ፥ የደም ማነሱን ምክንያት መፈለግ፥ የክኒኑን ልክ በኩላሊቱ አቅም መወሰን፥ የማያስፈልገውን አስፒሪን ማቆም ነው።

ይህ ነገር አገራችንን በተለየ መንገድ ይነካል። በበለጸጉት አገሮች ይህ የልብ ትርታ ሕመም በብዛት የሽማግሌዎች ነው። በእኛ አገር ግን በልጅነት ከተያዘ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ ሕመም የልብን ቫልቭ እያበላሸ፥ በጕልማሶችና በወጣት ሴቶች ላይ ጭምር ያመጣዋል። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ለእነዚህ ሰዎች ይሆኑ እንደ ሆነ በ24 አገሮች 4,531 የሩማቲክ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት በ2022 ታተመ። አማካይ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያህል ሲሆን፥ ከ100 ውስጥ 72ቱ ሴቶች ነበሩ። ብዙዎች አዲሱ ይሻላል ብለው ሲጠብቁ፥ ዋርፋሪንንና ወገኖቹን የወሰዱት ሰዎች ሞት አነስ ብሎ ተገኘ፤ የደም መፍሰሳቸውም ይህን ያህል ልዩነት አልነበረውም። ስለዚህ ከከብት በረት የተገኘው አሮጌው ክኒን ለሩማቲክ የልብ ሕመምተኞቻችን ዛሬም ተፈላጊ ነው፤ እርሱ ባለበት ሁሉ ደግሞ አይ ኤን አር ሊለካ ግድ ነው። ክኒኑን አድርሶ መለኪያውን ያላደረሰ ሰው ሥራውን እኵሌታ ብቻ ሠርቷል።

እንግዲህ ይህን ክኒን የምትወስዱ ወይም በቤታችሁ የሚወስድ ሰው ያላችሁ፥ በቢሮ የምትይዙትን መዝገብ ያህል ለዚህም መዝገብ ያዙለት። የተለካበትን ቀን፥ የተገኘውን ቍጥርና የታዘዘውን ልክ ጻፉ፤ ወረቀቱንም ወደ ሐኪም በሄዳችሁ ቍጥር ይዛችሁ ሂዱ። በሥራ ብዛት የቀጠሮን ቀን አታሳልፉ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ሲባል አስፒሪን፥ አይቡፕሮፌን፥ ዲክሎፌናክ፥ ወይም የባህል መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ አይወሰድ። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጐዳ ስለሚችል፥ ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ሰገራ እንደ ሬንጅ የጠቈረ፥ ሽንት የቀላ፥ ነስር አልቆም ያለ፥ ወይም ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት የመጣ እንደ ሆነ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ፊት የተጣመመ፥ ክንድ የሰነፈ ወይም አንደበት የታሰረ እንደ ሆነም እንዲሁ ነው። ትንሽ ደም በድድ ላይ ስለ ታየ ግን ሐኪም ሳያማክሩ ክኒኑን በራስ ሥልጣን መተው፥ ከሚታየው ትንሽ አደጋ ሸሽቶ ወደማይታየው ትልቅ አደጋ መግባት ነው።

ካርልሰን የሚባለው ገበሬ ያን ቀን ለከብቶቹ መድኃኒት ሳያገኝ ተመለሰ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ግን ከአመጣው ደም መድኃኒት አገኙ፤ መድኃኒቱም ሰው እንዳያጠፋ መለኪያውን እያቃኑ ዛሬ ድረስ ደረሱ። ለእኛ የቀረልን ሥራ የተቃናውን መለኪያ በየጊዜው መጠቀምና በፍርሃት ፈንታ በልክ መመራት ነው።